ንቡ ምነው ጠፋ

መሰረት በየማታው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የሟች ባሏን ስልክ አንስታ ለእናቱ ትደውላለች። አንድ ጊዜ ሲጠራ ትዘጋዋለች። ትንሽ ቆይቶ ከወዲያ በኩልም ይጠራና ይቋረጣል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ልማዱን ያመጣው ይታየው ራሱ ነበር። እናቱ እማማ የትነበርሽ ጆሯቸው ከደነቆረ ቆይቷል፤ በስልክ ማውራት አይችሉም። ስለዚህ ባለ ቁልፍ ስልክ ገዝቶ በክር ቦርሳ አንገታቸው ላይ አንጠለጠለላቸው። አንዴ ሲርገበገብ «ደህና ነኝ» ማለት ነው። እሳቸው ደግሞ ያሳያቸውን ቁልፍ ተጭነው ይመልሳሉ፤ «ሰምቻለሁ» ማለት ነው። ደረታቸው ላይ ዝዝ ባለ ቁጥር «ንቡ መጣ!» ይላሉ። «ታዲያ ቀፎ ያለ ንብ ምን ያደርጋል?» እያለ ይታየው ይስቅ ነበር። ስልኳ ከእማማ አንገት ስትወርድ ያየ ሰው የለም፤ ይዘዋት ይተኛሉ፣ ይዘዋት ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ።

አባትየው አያ ካሣዬ ግን ሌላ ናቸው። አንድያ ልጃቸው እርሻውን ጥሎ ጎንደር ከገባ ወዲህ አምስት ዓመት ሙሉ አኩርፈውታል። ስሙ ሲነሳ ጋቢያቸውን ለብሰው ከቤት ይወጣሉ። ሽማግሌ ቢላክ፣ ቄስ ቢለምን፣ ወይ ፍንክች!

በታኅሣሥ ይታየውን መኪና ገጨውና ሞተ። ወላጆቹ ወዳሉበት ወደ አይከል የሚወስደው መንገድ አንድ ቀን ተከፍቶ ሦስት ቀን የሚዘጋበት ጊዜ ስለነበር እዚያው ጎንደር ተቀበረ። መርዶ ነጋሪ ሲፈለግ መሰረት እምቢ አለች። የእማማ ልብ ደካማ ነው፤ ድንጋጤ አይችልም ብሎ ሐኪም አስጠንቅቋል። «ትንሽ ይጠንክሩ፣ መንገዱም ይከፈት» አለች። በቀብሩ ማግሥት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን እጇ ሳታስበው ወደ ስልኩ ሄደ። ደወለች። መልሱ ወዲያው መጣ። መሰረት ስልኩን አቅፋ እስኪበቃት አለቀሰች።

እንዲህ እየሆነ አምስት ወር ሞላ። በየካቲት ለሦስት ቀን መልስ ጠፍቶ ነበር፤ ኔትወርክ ነው አለች። በአራተኛው ቀን ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ግን ዘግየት ይላል፤ አንዳንዴም ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠራል። እማማ እጃቸውም ደከመ ማለት ነው ብላ አዘነች።

ወንድሟ ወንዴ ፒያሳ ላይ ስልክ ይሸጣል። የሰው ሐዘን በአዲስ ዕቃ የሚጠገን የሚመስለው ደግ ሰው ነው።

«እስከ መቼ በተሰነጠቀ ስልክ?» አላት። «ሰው ሁሉ ወደ አዲሱ ድርጅት መስመር ዞሯል። ኢንተርኔቱ ፈጣን፣ ቀፎው ሸጋ። ይኸው ሁለት ሲም ይይዛል፤ የሱንም አብረን እንከተዋለን።»

የይታየው ሲም የድሮው ትልቁ ዓይነት ስለነበር ለአዲሱ ስልክ መከርከም ነበረበት። ወንዴ መቁረጫውን አነሳና ቀጭ አደረገው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ይህ ግን የሚለቀም አልነበረም። ቢጫዋ ቺፕ ለሁለት ተከፍላለች።

ተያይዘው አራዳ ወዳለው የቴሌ ቢሮ ሄዱ።

«ቁጥሩ በማን ስም ነው?» አለች ሠራተኛዋ።

«በባለቤቴ።»

«እንግዲያው መታወቂያውን ይዞ በአካል ይምጣ።»

መሰረት ባንኮኒውን ይዛ ቆመች። «አይመጣም» አለች።

ነገሩ ሲገባት ሠራተኛዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ወረቀት እንደሚያስፈልግ ነገረቻት። ሳምንታት ይፈጃል።

በዚያ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ዝም ብሎ አለፈ። በማግሥቱም አለፈ። በሦስተኛው ቀን አልቻለችም፤ በአዲሱ ቁጥሯ ወደ እማማ ስልክ ደወለች። አንዴ እንኳ በቅጡ ሳይጠራ ተነሳ።

«ማነው?» የአያ ካሣዬ ድምፅ ነበር።

«መሰረት ነኝ አያ። እንደምን ከረሙ? እማማ ደህና ናቸው?»

«ቤተስኪያን ናት» አሉ ሽማግሌው። ወዲያው ደግሞ ጠየቁ። «ንቡ ምነው ጠፋ?»

«ቁጥር… ቁጥር እየቀየርን ነው አያ።»

«ሸጋ» ብለው ዘጉት።

መሰረት ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። እኒያ ልበ ደረቅ ሰው ስለ ንቡ ከጠየቁ፣ እማማ ምን ያህል ቢያለቅሱ ነው? አምስት ወር የጠበቀቻቸውን ሴትዮ ዝምታው ሊገድልባት ነው። ከዚህስ እውነቱ ይሻላል አለች።

መንገዱ በተከፈተ ቀን ከወንዴና ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር አይከል ገባች። በማግሥቱም እንደ ወጉ ገና ጎህ ሲቀድ መንደሩ ደረሱ። ጥቁር ለብሳ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። መንገዱን ሁሉ የምታስበው አንድ ነገር ነበር፤ ለማይሰማ ሰው መርዶ በምን ይነገራል? በእጅ? በየትኛው ምልክት?

በሩ ሲንኳኳ አያ ካሣዬ ብቻቸውን ወጡ። ፀጉራቸውን ተላጭተዋል። መሰረት በትከሻቸው ላይ አሻግራ ወደ ውስጥ እማማን ፈለገች። የክር ቦርሳዋን ያየቻት ኋላ ነው፤ ሽማግሌው አንገት ላይ ተንጠልጥላለች።

እሳቸውም ጥቁር ልብሷን አዩ፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አዩ፣ ሽማግሌዎቹን አዩ። ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ።

«መሞቷን ማን ነገራችሁ?» አሉ እያለቀሱ። «አደራ፣ ይታየው እንዳይሰማ። በዚህ መንገድ እመጣለሁ ሲል ይሞትብኛል። ንቡ ሲመጣ እሷን ሆኜ እኔው እመልስለታለሁ።»