የሉባባ አምሮት

ሉባባ ጠርሙሱን አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ አልለቅ አለች። እርግዝናዋ ሲገፋ ያማራት የጀርም መግደያው ሽታ ነበር። አምሮት የተነፈገች እናት ልጇ ምልክት ይዞ ይወለዳል ብለው፣ አማቷ የቧንቧ ውሃ ሰፈርን የቀበሌ ክሊኒክ ከምታጸዳው ጎረቤታቸው ለምነው ያመጡላት ነው።

ጎረቤቷ ብቅ ስትል አየቻትና ጮኸች። «ውይ እማማ! ለሽንት ቤት መስሎኝ እኮ ነው የሰጠሁዎ! ለእርጉዝ አይሆንም፤ እኔንስ ሳረግዝ ጓድ ነርሷ ባልዲውን ከእጄ ነጥቃኝ የለ!»

አማቷ ጠርሙሱን ቀምተው ደጅ ደፉት። ዞር ብለው ሲመለሱ ሉባባ ሆዷን ደግፋ፣ እርጥቡ አፈር ላይ ተንበርክካ ታሸትታለች።

«ያ አላህ! ተነሺ ልጄ!»

«እማማ፣ ምልክት ቢወጣበትስ?»

«ይውጣበት!» አሉ በብብቷ ይዘው እየጎተቷት። «ፊቱን ይሙላው፤ ብቻ በሕይወት ይምጣልኝ።»