ብረቱን ያነሳው መዝሙር

እስቲ ልጆቼ፣ ጠጋ ብላችሁ ስሙኝ። ኮልፌ፣ ብረታ ብረት ቤት ውስጥ፣ አምስት ሰዎች ከባድ ምሰሶ እኩል የሚያነሱት ጴንጤው ዳዊ በሚያወጣው መዝሙር ነበር። ሌሎቹ ይቀበሉታል፤ ኦርቶዶክሱ ወንድይፍራው ግን ዝም ብሎ ይሸከማል።

“ጋሼ፣ አንዴ ቢቀበሉን ምን ይሆናሉ?” ይለዋል ዳዊ።

“የተቀጠረው ትከሻዬ ነው፣ አፌ አይደለም።”

አንድ ቀን ሳያት የምትባለው በያጅ ድጋፍ ልታስገባ ከምሰሶው ሥር እንደገባች ዳዊን ትንታ ያዘው። መዝሙሩ ተቋረጠ፤ አንዱ ቀድሞ፣ አንዱ ዘግይቶ ሳበና ብረቱ ወደ እሷ አዘነበለ። “እጅጌዬ ተያዘ” አለች ቀስ ብላ። ይሄኔ ወንድይፍራው መዝሙሩን ከተቋረጠበት ስንኝ አንስቶ ቀጠለ። ሁሉም ባንድ ትንፋሽ አነሱ፤ ሳያት ወጣች።

አንዲት ቃል እንኳ አልሳተም። አደራ ልጆቼ፣ ይህቺን አስታውሱልኝ።