የሰመጠው ማሳ ውሃ ሲጠጣ

ከላይም ከታችም የተከፈተውን ጣሳ መሬቱ ላይ አቁሜ፣ ጣውላ ደርቤበት በመዶሻ ቀስ እያልኩ እመታዋለሁ። እስከ ግማሹ ሲገባ አቆማለሁ።

የአፈር ባለሙያው ሰዓቱን ከእጁ ይፈታል። «ጣሳው ውስጥ የሚፈስሰው ውሃ ሳይሰርግ ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆመ ማሳው የሞተ ተብሎ ይመዘገባል። ይታጠራል።»

«ሰምተናል» ይላል አባቴ። የአጥሩ ችካሎች ዙሪያውን ከወዲሁ ተተክለዋል።

ከዚህ ማሳ ሥር ሠላሳ ዓመት የድንጋይ ከሰል የቆፈረው እሱ ነው። ከአራት ዓመት በፊት አሮጌው ዋሻ ተደርምሶ የማሳችን መሃል እንደ ሳህን ሲሰምጥ፣ ለመሙላት የቸኮለውም እሱ ነበር፤ ከዋሻው አፍ የተቆለለውን ግራጫ አፈር በጋሪ አምጥቶ ደለደለበት። ያ አፈር በዝናብ ላቁጦ በፀሐይ እንደ ሸክላ ጠነከረ። በመጀመሪያው ምርመራ ውሃው ከጠዋት እስከ ምሳ ጣሳው ውስጥ ተኝቶ ዋለ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት በጋ ያንኑ አፈር በአካፋና በቅርጫት ስናወጣ ባጀን። ሥሩ የተቀበረውን ጥቁር አፈር ስናገኝ ፍግ ቀላቀልንበት፤ ባቄላ ዘርተን፣ አንዲት ፍሬ ሳንቀምስ ተክሉን እንዲያዳብረው መልሰን አፈሩ ውስጥ ገለበጥነው። «ይህ አፈር ከእኔ በላይ ይቀለባል» ይል ነበር አባቴ።

ውሃውን አፈስሳለሁ። አባቴ ጫማውን እንጂ ጣሳውን አያይም።

«አባዬ፣ ቁጭ በል።»

«ሠላሳ ዓመት ጎንብሼ ኖሬያለሁ። ልቁም።»

አንዲት አረፋ ከሥር ትወጣለች፤ ሌላ ትከተላታለች። ውሃው ጠርዙን ለቆ ይወርዳል። ባለሙያው ይንበረከካል።

«አሥራ አንድ ደቂቃ» ይላል። «ጠጥቶታል፣ አባት።»

አባቴ ራሱን ይነቀንቃል። «ስንጥቅ አግኝቶ ይሆናል። ድገሚው።»

«ለእኔ እኮ አንዱ ይበቃኛል» ይላል ባለሙያው።

«ለእኔ አይበቃኝም።» እየተራመደ ሄዶ በጫማው አፍንጫ ይጠቁመኛል። «እዚህ አድርጊው። የመጀመሪያውን ጋሪ የደፋሁት እዚህ ነው።»

ጣሳውን ነቅዬ እዚያ እተክላለሁ፤ ውሃ እሞላለሁ። አሁን አባቴ ዓይኑን አይነቅልም። አረፋዎቹ ይወጣሉ።

«ዘጠኝ» ይላል ባለሙያው። ቅጹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ «የሚታረስ» ብሎ ይጽፍና ይፈርማል።

አባቴ እዚያው፣ ጋሪውን የደፋበት ቦታ ላይ፣ እግሩን ዘርግቶ ቁጭ ይላል።

ጣሳውን እነቅላለሁ። የባቄላ ሥር የተጠላለፈበት ጥቁር አፈር አብሮት ይመጣል። አራግፌ፣ በቀሚሴ ጫፍ እጠርገውና አጠገቤ ካለው ችካል ላይ አጠልቀዋለሁ።