አርባ አምስት ላይ የምትንቀጠቀጠው የአለነ ማኪና

«ሌባ ነህ! ማኪናዬን ሆን ብለህ ነው የምታበላሻት!»

ጎንደር፣ አዲስ ዓለም... ጣሊያን ከወጣ ገና ጥቂት ዓመታት ቢሆነው ነው።

ሹፌሩ አለነ ይጮሃል፤ ሰው ከቧቸዋል።

ሽማግሌው መካኒክ አያ ዐብደላ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ያዩታል።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ...

አለነ ጣሊያን ጥሏት የሄደ፣ ዐሥር ሰው የምትይዝ አሮጌ ማኪና አለችው። ከጎንደር ኮሶዬ ሰው ያመላልስባታል።

አንድ ሰሞን ማኪናዋ አመል አወጣች።

በሰዓት ሠላሳ ኪሎ ሜትር ስትሄድ ሰላም ናት።

አርባ አምስት ላይ መሪው እጁ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ተሳፋሪው ይንገጫገጫል...

ስድሳ ስትደርስ ደግሞ ጸጥ!

«የተበላሸ ነገር ሲፈጥን ይብሳል እንጂ እንዴት ይድናል?» አለ አለነ። ግራ ገባው።

አያ ዐብደላ ጋ ወሰዳት። የፊት ጎማዋን አውልቀው የሆነ ነገር ሠሩና ተሻላት።

እሑድ አለፈ... ሰኞ መንቀጥቀጡ ተመለሰባት።

ደግመው ሠሩ፤ ተሻላት።

እሑድ አለፈ... ሰኞ ያው! እንዲያውም ባሰባት።

ጭነት ቀነሰ፣ ጎማ ነፋ፣ ወንበር አጠበቀ። ወይ ፍንክች!

ማታ ማታ ለእናቱ ለወይዘሮ ወለተሩፋኤል ይነግራቸዋል። «እማዬ፣ ዛሬም ተንቀጠቀጠች።»

«መድኃኔ ዓለም ይጠብቅህ ልጄ» ይላሉ።

አንድ ቀን የኮሶዬን ቁልቁለት ሲወርድ መሪው ከእጁ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። ልጅ ያዘለች እናት «ወንድሜ፣ በእግሬ ይሻለኛል» ብላ ወረደች። ከዚያ በኋላ ተሳፋሪ ይሸሸው ጀመር።

ጓደኛው ክንዱ ጠጋ አለው። «ሠርቶ የሚሰጥህ እሱ፣ በሳምንቱ የምትመለሰው እሱ ጋ... አልገባህም እንዴ?»

ገባው። ወይም የገባው መሰለው።

እናም ይኸው፣ «አያ» ማለቱን እንኳ ትቶ በሰው ፊት ይሰድባቸዋል። ሁለት ደንበኞች ማኪናቸውን አስነስተው ሄዱ።

አያ ዐብደላ የብሎን መፍቻውን ዘረጉለት። «እንካ፣ ራስህ ፍታው።»

አለነ ጎማውን አውልቆ ገለበጠው።

ከጎማው ብረት ውስጠኛ በኩል፣ በገመድ የታሰሩ ሦስት የጨርቅ ቋጠሮዎች... ከነሱ ትይዩ ደግሞ ሁለት የእርሳስ ብረቶች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

አሁን ግራ የተጋቡት አያ ዐብደላ ናቸው። «ምነው? አንተ አይደለህ እንዴ ያሰርከው?»

«እኔ?!»

«የጠበል አፈር መሆኑን አይቻለሁ። የሃይማኖትህ ነገር ነው ብዬ መፍታቱም መጠየቁም ነውር መሰለኝ። አንድ ጎኑ ሲከብድ ጎማው ይዘላል፤ አርባ አምስት ላይ ዝላዩ ከማኪናዋ ከራሷ ውዝዋዜ ጋር ስለሚገጥም ያንቀጠቅጣታል፣ ከዚያ ስትፈጥን ያልፍላታል። እኔም በትይዩው እርሳስ እያሰርኩ አስተካክላለሁ። አንተ ደግሞ በሳምንቱ ሌላ ትጨምራለህ!»

አለነ ጨርቁን አየው... የእናቱ የድሮ ነጠላ ጥለት ነው።

ቤቱ ሮጠ።

«ሰው ሁሉ ማኪናህን ሲያደንቃት ፈርቼ አንድ አሰርኩ» አሉ እናቱ እያለቀሱ። «ተንቀጠቀጠች ባልከኝ ቁጥር የሰው ዓይን የበረታብህ እየመሰለኝ፣ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ አንድ እጨምር ነበር።»

እናቱን ይዞ አዲስ ዓለም ተመለሰ። በዚያው ሰው ፊት የአያ ዐብደላን ጉልበት ሳመ። አፈረ፣ አለቀሰ።

ሽማግሌው አነሡት። ቋጠሮዎቹን ግን አልነኩም፤ እናትየው በገዛ እጃቸው እስኪፈቱ ጠበቁ፤ ከዚያ እሳቸው እርሳሶቹን አወለቁ።

«አይጣልም እታለም» አሏቸው። «ሦስቱንም ከወንበሩ ሥር አስርለታለሁ፤ እዚያ ጎማ አይነካም።»

ማኪናዋ ከዚያ ወዲያ አልተንቀጠቀጠችም።

ጥለው የሄዱት ሁለቱ ደንበኞች ግን አልተመለሱም... አለነ ቤታቸው ድረስ ሄዶ ቢለምናቸውም።

ወገኖቼ... እናት ለልጇ ፈራች፣ ሽማግሌው የሰው ሃይማኖት አከበሩ። አለነም ቢሆን ክፉ ሰው አልነበረም። አንዳቸው አስቀድመው ሌላውን ቢጠይቁ ኖሮ የአንድ ሰው ስም ባልጎደፈ።

እናንተስ... ሳትጠይቁ የፈረዳችሁበት ሰው አለ? ዛሬ ብታገኙት ምን ትሉታላችሁ? እስቲ ከታች ጻፉልን።