ሳልና የሜዳ ፍየል

የሜዳ ፍየሏ ከመግባቷ በፊት በእነ ጥሩአየሁ ሳሎን ሙቀቱ አርባ አራት ዲግሪ ነበር። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የአየር ማቀዝቀዣው ግን አይሠራም። በጅቡቲ ከተማ ቀትር ላይ መብራት የሚለቀቀው የዱር እንስሳ ለተጠለለበት ቤት ብቻ ነው።

ጥሩአየሁ ደጃፉ ላይ ቆማ ወደ ባሕሩ ዳር ትመለከታለች። ባሏ ይርዳው ሶፋው ላይ ተጋድሞ አፉን በትራስ ይዟል። የቆየ ሳል አለበት፤ ሙቀት ሲሆን ይብስበታል። ባለፈው ወር ሲያስል ፍየሏ ደንብራ ወጣች፤ መብራቱም ወዲያው ጠፋ።

"ጥሩዬ!" አለች ጎረቤታቸው ሐዋ በመስኮት። "የእኔን ዝንጀሮ ላውሳችሁ? ሳል አይፈራም፤ ሙዛችሁን ብቻ ደብቁ!"

"ለራስሽ ይሁንልሽ! ትናንት ድስትሽን ይዞ ሲወጣ አይቼዋለሁ።"

ፍየሏ ከባሕሩ ዳር ቁጥቋጦ ብቅ ስትል ሐዋ ከመስኮቱ ዞር አለች። ፍየሏ ቀስ ብላ ገባች፤ ማቀዝቀዣው ተነሳ። የይርዳው ፊት ደም መሰለ፤ ትራሱን ነከሰ።

"አስል" አለችው ጥሩአየሁ በሹክሹክታ።

"አብደሻል? ትሄዳለች!"

"ግዴለህም፣ አስል። ጠዋት ጠዋት ውሃ ሳቀርብላት እንዳንተ እያሳልኩ ነው የከረምኩት።"

ይርዳው ትራሱን ጥሎ ደጋግሞ አሳለ። ፍየሏ ጆሮዋን ቀጥ አደረገች። ከዚያ ወደ ሶፋው መጥታ ውሃ ፍለጋ እጁን አሸተተች።

"እኔ እኮ ሳሌ ተጋባብሽ ብዬ ስሰጋ ነበር" አላት እንባውን እየጠረገ።

ጥሩአየሁ የውሃውን ሳህን ልታመጣ ሄደች። እስከ አመሻሽ መብራቱ አልጠፋም፤ ሙቀቱም ወደ ሠላሳ አንድ ዲግሪ ወረደ።