ሁለት ሰከንድ

ሚዛን ከተማ በተደገሰው የእህቱ የአፍናን ሠርግ የአዳራሹን ትልቅ ስክሪን የሚቆጣጠረው ኢክሪማ ነበር። ከካሜራው በቀጥታ የሚታየው ምስል ግን ሁለት ሰከንድ ወደ ኋላ ይቀራል።

«አንተ ልጅ፣ እኔ ማጨብጨብ ካቆምኩ በኋላ እንኳ እዚያ አጨበጭባለሁ!» አሉ ከቴፒ የመጡት አክስቱ ዘይቱ።

«አሁን ይስተካከላል አክስቴ» ብሎ በላፕቶፑ የሶፍትዌሩን ማስተካከያ ከፈተና የመዘግየቱን ቁጥር ዜሮ አደረገው።

አክስቱ ስክሪኑ ላይ አስነጠሱ። ከዚያ ወንበራቸው ላይ አስነጠሱ።

«አሁን ደግሞ ቀደምከኝ!» ብለው ሳቁ።

ኢክሪማ ቁጥሩን ወደነበረበት መለሰው፤ ምስሉ ግን አልተመለሰም፤ እንዲያውም ይበልጥ ወደ ፊት ቀደመ። ስክሪኑ ላይ አፍናን ቬሎዋን ሰብስባ ከመድረክ ወረደችና ስሙን እየጮኸች ወደ እሱ ጠረጴዛ ሮጠች። እንግዳው ሁሉ ተከተላት። ከጠረጴዛው ኋላ የእሱ ወንበር ተገልብጧል።

ወደ መድረኩ ዞር ሲል አፍናን እዚያው ኬክ እየጎረሰች ትስቃለች።

ኢክሪማ የተቀመጠበትን ወንበር በሁለት እጁ ጨበጠ።