አርፏል

በፈረንጆቹ ሰማንያ ስድስት ነው፣ ልጆቼ። እዚህ ቶሮንቶ፣ የሴንት ጄምስ ታውን ሰፈር ማኅበራችን የክረምት ካፖርት ሊያድል ፈለገና፣ የማኅበሩ ጸሐፊ በድሪያ አዲሱን ኮምፒውተር ታስቆጥረው ጀመር። ሴት የሆነች፣ ከስልሳ ያለፈች፣ ባሏ የሞተባት፤ ሦስቱንም ያሟላች ብቻ ትቆጠር ብላ ፎርሙላ ጻፈችለት።

«እትዬ ቦጋለች፣ ካፖርት ደረሰዎት» አለችኝ እየሳቀች።

መስመሬን ብታየው ከባሌ ስም ጎን «ዴድ»፣ ሞቷል ይላል። እኔም ሳቅሁ። ቀደም ሲል የማኅበሩ መዝጋቢ ቤት መጥቶ «ሀብተማርያምስ?» ሲለኝ፣ ከሌሊት ጥበቃ ገብቶ ተኝቶ ነበርና «አርፏል» ብዬው ነበር።

«ዛሬም ጠዋት እንደተኛ ትቼው ነው የወጣሁት፤ አርሚው።»

«አላይቭ»፣ በሕይወት አለ ብላ አረመችው። ፎርሙላው ግን አሁንም ቆጠረኝ። የቱ ላይ እንደተሳሳተ ለማየት ከፎርሙላው ዕድሜውን አወጣች፣ ሴት የሚለውንም አወጣች። ባል የሞተባት የሚለውን ብቻ ብታስቀርም እዚያው አለሁ።

«በይ ኮል አድርጊለትና ራሱ ይንገረው» ብዬ ቀለድኩ።

ደወለች። «ጋሼ ሀብተማርያም» ከማለቷ፣ ያ ለስላሳ ድምፁ እኔ ድረስ ተሰማኝ።

«ተይው ልጄ፣ ልክ ነው የቆጠረው። ቦጋለችን አትቸኩል በያት። እኔ ከጠዋት ጀምሮ አርፌያለሁ።»